ዘፈኑን ማን ይቀበለዋል?

ለሠርግ ዘፈን መምረጥ ምን ማለት ነው? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የጥር ወር ሲቃረብ በመቐለ፣ ከሐውልቲ እስከ ዓዲ ሓቂ፣ ከቀዳማይ ወያነ እስከ ኲሓ፣ ሊደግሱ ያሰቡ ሁለት ሰዎች ስልክ ይዘው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ይህ ይግባ፣ ያኛው ይቅር ይባባላሉ፤ የተስማሙበትን ዝርዝር በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ለዲጄው ይሰጡታል። እኔን የሚያሳስበኝ ከምርጫው በፊት ያለው ነገር ነው፤ የሠርግ ዘፈን መመረጡ ራሱ። አያቶቻችን ለሠርግ ብዙ ነገር ይመርጡ ነበር፤ ወገኑን፣ ቀኑን፣ ሚዜውን፣ የሚታረደውን በሬ። ዘፈን ሲመርጡ ግን አልሰማንም። ስዋው (ጠላው) ደርሶ፣ ዳሱ ተጥሎ፣ ሰው ከተሰበሰበ በኋላ ከበሮ ያነገተች ሴት ትነሳለች። የምትጀምረውን እሷ ታውቃለች፤ ሙሽራውም ሆነ አማቱ ይህን በይልን፣ ያንን ተይው አይሏትም። ታዲያ የሠርግ ዘፈን የሙሽሮቹ ጉዳይ የሆነው በምን ምክንያት ነው? ከሆነ ወዲህስ ምን አተረፈ፣ ምን ጎደለበት?

ለማሰብ እንዲመቸን ሁለት ሰዎችን በሐሳባችን እናቁም። የተጋቡት በትግራዩ ጦርነት መሀል ነው፤ 2014 ዓ.ም. ላይ እንበል። ስልክ የለም፣ ባንክ ዝግ ነው፣ መብራት ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል። ጎህ ሳይቀድ ቤተ ክርስቲያን ሄደው፣ ተክሊል ደፍተው፣ ቆርበው፣ ጥቂት ዘመድ በተገኘበት እንጀራ ቆርሰው ቤታቸው ገቡ። ዳስ አልተጣለም፣ መኪና ጥሩንባ አላሰማም፣ ከበሮ አልተመታም። አሁን፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነቱ ከተፈረመ ዓመታት አልፈው፣ ከአዲስ አበባም ከውጭም ዘመድ መምጣት ሲችል፣ ያልተደገሰውን ሠርግ ሊደግሱ ተነሱ። አንድ ልጅም ይኖራቸው ይሆናል። እነዚህ ሰዎች ባልና ሚስት ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የጎደላቸው የለም፤ በሕግም የጎደላቸው የለም፤ ጎረቤቱም እሷን የእገሌ ባለቤት እያለ መጥራት ከጀመረ ቆይቷል። ሠርጉ የሚጨምርላቸው ነገር ከሌለ እስከ እኩለ ሌሊት ዝርዝሩ ላይ የሚያፈጡት ለምንድን ነው? የሚጨምርላቸው ነገር ካለስ እስከ ዛሬ ጎደሎ ሆነው ኖረዋል ልንል ነው? ሁለቱም መልስ አይዋጥልኝም። ጋብቻቸው ሙሉ ነው፤ ሠርጋቸው አልተደረገም፤ ሁለቱም አነጋገር እኩል እውነት ነው። እንዲህ ከሆነ ሠርግ ከጋብቻ የተለየ፣ የራሱ ባለቤት ያለው ነገር መሆን አለበት። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ለማወቅ ዘፈኑን መመርመር የሚያዋጣ ይመስለኛል፤ ያን ጊዜ ከቀረባቸው ነገር ሁሉ ዋናው እሱ ነውና። እንጀራውንማ በልተዋል።

የሠርግ ዘፈን ምንድን ነው? ቶሎ የሚመጣልን መልስ ስለ ሠርግ የሚናገር ዘፈን ነው የሚል ነው፤ ሙሽራዋን የሚያወድስ፣ እናቷን የሚያባብል፣ ሚዜውን የሚተርብ። እንዲህ ያለው በአማርኛም በትግርኛም ሞልቷል። ዳሩ ግን በመቐለ አዳራሾች ሌሊቱን ሙሉ ከሚጨፈርባቸው ዘፈኖች ብዙዎቹ ስለ ሠርግ አያነሱም። ስለ ናፍቆት ይናገራሉ፤ ስለ አገር፣ ስለ ሄደና ስላልተመለሰ ሰው፣ አንዳንዶቹም ጭራሹን ስለ መለያየት። ሰው ግን ክብ ሠርቶ ኩዳ የሚባለውን የትግርኛ ጭፈራ ይዞራል፤ ዘፋኙ ከፍቅረኛው ሲለያይ ሙሽሮቹ ኬክ ይቆርሳሉ፤ ነውር ነው የሚል አይገኝም። ቃሉ አይደለም ማለት ነው። ዜማው ይሆን? ዜማንና ጊዜን በማዛመድ ረገድ የቆየ ትምህርት አለን። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአክሱም እንደ ወጣ የሚነገርለት የቅዱስ ያሬድ ዜማ ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን በየጊዜያቸው ያውላል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፣ በትንሣኤ ይመለሳሉ። ፕላቶም በ«ሪፐብሊክ» የልቅሶ ቅኝቶችን ከከተማው ሊያስወጣ የፈለገው ዜማ የሰውን ጠባይ ይቀርጻል ብሎ ስላመነ ነው። ዓለማዊው ዘፈናችን ግን ይህን ድንበር ሲያከብር አላየሁም። በትግርኛ ተናጋሪው ደጋ በድግስ ላይ የሚቀኙት ማሰና በለቅሶ ላይ የሚቀኙት መልቀስ ከአንድ ባለቅኔ አንደበት ሊወጡ ይችላሉ፤ ሰውየውን በሠርጉ ያሞገሰው በቀብሩም ይቆምለታል። ስለዚህ ዜማውን ብቻ ሰምቶ ይህ የደስታ ነው፣ ያ የሐዘን ነው ብሎ መፍረድ አይቻልም።

ቃሉም ዜማውም ካልሆነ ምን ቀረ? እኔ የምለው አቀባበሉ ነው። ከበሮ የያዘችውን ሴት ቀረብ ብላችሁ አስተውሏት። ጠፍሩን አንገቷ ላይ አጥልቃ፣ ከበሮውን ወደ ጎኗ ሰብሰብ አድርጋ፣ በአንድ መዳፏ ሰፊውን አፍ በሌላው ጠባቡን እየመታች አንድ ስንኝ ታወጣና ዝም ትላለች። ቀጥሎ ያለው ጊዜ የእሷ አይደለም። ሴቶቹ ካልተቀበሏት ስንኙ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ደግማ ትሞክራለች፤ አሁንም ካልተቀበሏት ሌላ ታነሳለች። ያ ዘፈን በዚያ ቤት፣ በዚያ ቀን የሠርግ ዘፈን ሳይሆን ቀረ፤ ከሁለት ቤት ወዲያ ግን በሞቀ ጭብጨባ ተቀብለውት ሊሆን ይችላል። ከተቀበሏት ደግሞ ነገሩ ከእሷም እጅ ይወጣል። የሙሽራዋን ስም ታስገባለች፣ የእናቷን፣ ከሩቅ የመጣውን አጎት፤ ምቱ እየጠበቀ ይሄዳል፤ በዝግታ ክቡን ይዞሩ የነበሩት ይቆሙና ፊት ለፊት እየተያዩ ትከሻቸውን ይነቀንቃሉ። የመቐለ ልጃገረዶች ይህን መቀበል የሚለማመዱት በሠርግ ብቻ አይደለም፤ በየዓመቱ ነሐሴ አጋማሽ፣ በአሸንዳ፣ ከበሮ ይዘው ከቤት ቤት ሲዞሩም ነው። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይመልሳሉ፤ ሌላዋ ተራውን ትረከባለች። ማውጣትን የምትችል ጥቂት ናት፤ መቀበልን የማታውቅ ግን የለችም።

የሠርግ ዘፈን ማለት እንግዲህ የተሰበሰበው ሰው የሚቀበለው ዘፈን ነው እላለሁ። ትርጉሙ ጠባብ ይመስላል፤ ሲያስቡት ግን ብዙ ይይዛል። ሴቶቹ ስንኙን ሲመልሱ ዜማ ብቻ አይደለም የሚመልሱት። ሰምተናል፣ አለንበት፣ ነገ ቢጣሉ እናስታርቃለን፣ ቢወልዱ ገንፎ እናገነፋለን እያሉ ነው፤ ይህንንም አንድ በአንድ ቢጠየቁ በማያውቁት ድፍረት ሁሉም በአንድ አፍ ይሉታል። በሐሳባችን ያቆምናቸው ባልና ሚስት የጎደላቸው ይህ ነው። ሰው መጋባታቸውን ያውቃል፤ ግን ጮክ ተብሎ አልተጠየቀም፣ ጮክ ብሎም አልመለሰላቸውም። ማወቅና መመለስ እንደማይተካኩ ደግሞ ሠርግ ባልነበረበት ዘመን ያገቡ ሰዎች ሁሉ ሳይነገራቸው ያውቁታል።

አሁን ወደ ዝርዝሩ ስንመጣ አንድ እንቅፋት ይገጥመናል። በተቀረጸ ዘፈን ውስጥ ተቀባዮቹ አብረው ተቀርጸዋል። ሞንታርቦው አውራጁንም ተቀባዩንም ይዞ ስለሚመጣ አዳራሹ በሙሉ ዝም ቢል ዘፈኑ አይጎድልበትም፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ራሱን ጠይቆ ራሱ መልሶ ያልቃል። አርባ ዘፈን ተመርጦ፣ አርባውም ተሰምቶ፣ አንድም የሠርግ ዘፈን ሳይዘፈን ሊነጋ ይችላል ማለት ነው። ቅጂን ለመናቅ አልደፍርም። ኔትወርክ በጠፋባቸው ዓመታት ዘፈን በሜሞሪና በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ነው በመቐለ የኖረው። ደግሞ ጎበዝ ዲጄ መፍትሔውን ያውቀዋል። አዝማቹ ጋ ሲደርስ ጣቱን ማንሸራተቻው ላይ ያደርግና ድምፁን ድንገት ይቀንሰዋል። ሁለት ሦስት ሴኮንድ ብቻ ነው። በዚያች ቅጽበት አዳራሹ ክፍተቱን በራሱ ድምፅ ከሞላው ቅጂው የሠርግ ዘፈን ሆነ፤ ካልሞላው ዲጄው ፈጥኖ ድምፁን ይመልሰዋል፣ ሁሉም እንዳልሰማ ይሆናል። የሁለቱ ሰዎች ዝርዝር የሚፈተነው በእነዚያ ሴኮንዶች ነው፤ ስለዚህ ሲመርጡ ማሰብ ያለባቸው እኛ ምን እንወዳለን ብለው ብቻ አይደለም፤ ድምፁ ሲቀንስ ማን ይመልስልናል ብለውም ጭምር ነው።

ይህን መመዘኛ ይዘን ዝርዝሩን እንየው። ከላይ የሚሰፍረው የትግርኛው ዘፋኝ ኪሮስ ዓለማየሁ ነው ብል የምሳሳት አይመስለኝም። ካረፈ 30 ዓመት አልፎታል፤ የሱ ሞት ተለቅሶለት ያለቀ ሞት ነው፤ አያትም የልጅ ልጅም ይቀበለዋል። ዳዊት ነጋ ግን በሰኔ 2014፣ በለጋ ዕድሜው፣ ጦርነቱ ሳያበቃ ነው የሄደው። ከጦርነቱ በፊት የሱ «ወዛመይ» ያልተጨፈረበት የመቐለ ሠርግ ማግኘት ይከብድ ነበር። ዛሬ ድምፁ ሲነሳ እግር ወዲያው ይታዘዛል፤ ፊት ግን ትንሽ ዘግይቶ ነው የሚከተለው። የሞተ ዘፋኝ ድምፅ ስንት ዓመት ሲሆነው ነው ደስታ የሚሆነው? የሚደነግግ የለም። ሴትየዋ «ይግባ» ትላለች፣ ባልየው «እናቴ ታለቅሳለች» ይላል፣ እሷም «ታልቅስ እንጂ፤ ለኪሮስስ ስታለቅስ አልነበር?» ትለዋለች። እኔ ከሴትየዋ ጋር ነኝ። እያለቀሱ መቀበልም መቀበል ነው።

የራያ ምት ይኑር፣ የተምቤን አውሪስ አይቅር የሚለውን በቀላሉ ይስማሙበታል፤ እንግዳው ከየት እንደሚመጣ ያውቃሉና። ከዚያ ወደ ኤርትራ ዘፈኖች ይደርሳሉ፤ እዚህ ላይ ቆም ማለት ግድ ነው። ቋንቋው አንድ ነው፤ በረከት መንግሥተአብን የማያውቅ ትግርኛ ሰሚ የለም። ግንቦት 28 ቀን 1990 የመቐለው የአይደር ትምህርት ቤት በኤርትራ አውሮፕላን ከአየር ሲደበደብ ሕፃናት አለቁ፤ የኤርትራ ዘፈን ግን ከመቐለ ጆሮ አልወጣም። መስከረም 1 ቀን 2011 ዛላምበሳ ላይ ድንበሩ ሲከፈት ሃያ ዓመት የተለያየ ዘመድ ተቃቀፈ። ሁለት ዓመት ከጥቂት ቆይቶ ጥቅምት 2013 መጣ፤ የኤርትራ ሠራዊትም በጦርነቱ ገባ። ኤርትራዊው ዘፋኝ አብርሃም አፈወርቂ በ1999 ዓ.ም. ምጽዋ ላይ ባሕር የወሰደው ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ በሆነው ነገር የሚጠየቅበት የለም፤ ፍቅርን እንደሱ የዘፈነም ጥቂት ነው። ጉዳዩ የዘፋኙ ንጽሕና ቢሆን ኖሮ በአንድ ቃል ባለቀ። ነገር ግን ፍርድ ቤት አይደለንም፤ ክብ ውስጥ ነን፤ ክቡ ውስጥ ደግሞ የሙሽራው አክስት አለች። ድምፁ ሲቀንስ እሷ የምትመልስበት አፍ ከሌላት ዘፈኑ ያማረ እንደሆነ፣ ዘፋኙም ንጹሕ እንደሆነ፣ በዚያ ቀን የዚያ ሠርግ ዘፈን አይሆንም። አምስት ዓመት ሲያልፍ፣ በሚቀጥለው ልጃቸው ክርስትና ወይም በታናሽ እህቷ ሠርግ፣ ሊሆን ይችላል። መመዘኛው ዘፈኑን አይኮንንም፤ ቀኑን ነው የሚጠብቀው።

ይህን በአማርኛ የምታነቡ ሰዎች የአማርኛውስ ዘፈን ብላችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም። የጥላሁንና የማሕሙድ ድምፅ ለመቐለ ሠርግ እንግዳ አልነበረም፤ ሙሽሮች ሲገቡ የሚዘፈኑት የአማርኛ የሠርግ ዘፈኖችም እንደዚሁ። ዛሬ አንዱ ቤት ይቀበላቸዋል፣ ሌላው ቤት ዝም ይላል፣ በአንዱ ቤት ውስጥም አባት ሲቀበል ልጅ ዝም ይላል። ዝምታውን በጥላቻ ለመተርጎም አትቸኩሉ ብዬ እለምናለሁ። ዝም ያለ ሰው አልሰደበም፤ አሁን መመለስ አልቻልኩም ነው ያለው። የመቀበል ነፃነት ያለመቀበልን ነፃነት ካልጨመረ የሴቶቹ ምላሽም ዋጋ የለውም፤ ተገዶ የሚመለስ አዝማች ከሞንታርቦው ተቀባዮች አይለይምና።

ከሁሉ የሚከብደው ገና አልተነሳም። በአገራችን ልማድ ጎረቤት ሐዘን ካለ ሠርግ ያለበት ቤት ዝም ብሎ ከበሮ አያስመታም። ሰው ይልካል፣ ያስፈቅዳል። ሐዘንተኛዋም ብዙ ጊዜ የእናንተ ደስታ የኔም ነው ብላ ትፈቅዳለች፤ አንዳንዴ ከበሮው ይቀራል፣ ድግሱ ብቻ ይሆናል። ይህ ልማድ አንድ ነገር ይዞ ነው የተነሳው፤ ሐዘኑ በአንድ ቤት፣ ደስታው በሌላ ቤት መሆኑን። ፈቃድ ከዚህኛው ቤት ወጥቶ ወደዚያኛው የሚሻገረው ሁለት ቤቶች ሲኖሩ ነው። በጥቅምት 2016 በትግራይ የ3 ቀን ሐዘን ታወጀ፤ በጦርነቱ የወደቁት ልጆች መርዶ ለየቤተሰቡ ተነገረ። ሐዘን የሌለበትን ደጅ መቁጠር ከባድ ሆነ። እንዲህ ከሆነ ማን ማንን ያስፈቅድ? ልታስፈቅድ የምትሄደው እናት ራሷ ጥቁር ለብሳለች፤ የምትጠየቀውም ጥቁር ለብሳለች፤ አንዷ ለሌላዋ የምትሰጠው ነገር የላትም። ልማዱ የተሰበረው ሰው ስለናቀው አይደለም፤ ሐዘኑ ከአቅሙ በላይ ስለሆነበት ነው። ቤተ ክርስቲያን ከበሮዋን ስታሳርፍ የምታነሳበትን ቀን ታውቃለች፤ ጾሙ ትንሣኤ አለው። ይህኛው ሐዘን ግን ከበሮው የሚመለስበት ቀን አልተቆረጠለትም፣ ሊቆርጥለት የሚችል ሥልጣንም አላውቅም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ቆሜአለሁ። ያለ ዘፈን ይደገስ ማለት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ዝምታም ይወረሳል። በ2013 እና በ2014 ያለ ከበሮ የተሞሸሩት ሰዎች ልጆች ነገ የሚቀበሉት ዘፈን ሳይኖራቸው ሊያድጉ ይችላሉ፤ መቀበል ደግሞ ከክቡ ውጭ የሚማሩት ነገር አይደለም። ሐዘኑን ትተን እንጨፍር ማለትም አይሆንም፤ የሚተው ነገር ስላልሆነ። እኔ የደረስኩበት ሐሳብ ይህ ነው። ድሮ ከሠርጉ በፊት ሰው ተልኮ ይጠየቅ የነበረው ፈቃድ ዛሬ በዘፈኑ ውስጥ ይጠየቃል። አውራጇ ስንኙን አውጥታ ዝም ስትል የምትጠይቀው እንደ ዱሮው ተቀበሉኝ ብቻ አይደለም፤ ልንደሰት ይገባናል ወይ ብላ ነው። ጥቁር ለብሳ ጥግ የተቀመጠችው እናት በቃል ብትጠየቅ እሺም እምቢም ለማለት አፏ አይከፈትም፤ ዜማ ሲሆን ግን ከሌሎቹ ድምፅ ጋር ድምፅዋን ልታወጣ ትችላለች፤ ስታወጣም ፈቀደች። ላታወጣም ትችላለች፤ ያም ይሰማል፣ አውራጇም ምቱን ታለዝበዋለች። ይህን የምትሰጥበትንም የምትነፍግበትንም ቅጽበት ከእሷ የሚወስድባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከምሽት እስከ ንጋት ሳያርፍ የሚጮህ ድምፅ ማጉያ። የተመረጡት ዘፈኖች የቱንም ያህል ቢያምሩ።

ቀኑ የኛ ነው፣ ምርጫውም የኛ ይሁን የሚለውን የወጣቶቹን ክርክር አቃልዬ አላየውም። ወላጅ ሙሽራ ይመርጥ የነበረበትን ዘመን የሚመኝ ካለ እኔ አይደለሁም። በአክሱም አካባቢ ተወለደ በሚባለው በዘርዐ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው ሐተታ እንኳ ሂሩትን ስለማግባቱ ሲናገር ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል መሆናቸውን ነው የሚያነሳው። ጋብቻ የሁለት ሰዎች ፈቃድ ነው፤ በዚያ ሌላ ሰው አይግባ። ከዚህ ተነስቶ ዘፈኑም የሁለት ሰዎች ነው ማለት ግን ድልድይ የሌለው ዝላይ ይሆንብኛል፤ ዘፈኑ የሌሎችን አፍ ይፈልጋልና። እርግጥ ሁለቱ ብቻቸውን የሚወዱት አንድ ዘፈን ይኖራል፤ መብራት በሌለበት ሌሊት ከስልኩ በቀረች ባትሪ ያዳመጡት። ሊያስገቡት ይፈልጋሉ። ማንም አይቀበለውም፤ ማንም አያውቀውማ። ቤታቸው ያድምጡት እላለሁ፤ እዚያ ሁለቱም ይቀበሉታል። ይህን ስል አንድ ጥርጣሬ አይለቀኝም፤ ዛሬ ሁሉ የሚቀበለው ዘፈንም አንድ ቀን፣ በአንድ ሠርግ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከማያውቁት ሰዎች ፊት ወጥቷል። አስገብተውት አዳራሹ በሦስተኛው ዙር አዝማቹን ቢይዝላቸው ደስታዬ ነው።

በመጪው ጥር መቐለ ላይ ሠርግ ያላችሁ ሁሉ፣ ዝርዝሩን ለዲጄው ከመስጠታችሁ በፊት ለእናቶቻችሁና ለአክስቶቻችሁ አንብቡላቸው፤ የሚሉትን ስሙ፣ ዝም የሚሉበትንም ልብ በሉ። ከዝርዝሩ ላይ ግማሽ ሰዓት ባዶ ተዉ፤ በዚያች ግማሽ ሰዓት ሞንታርቦው ይጥፋና ከበሮው ለሴቶቹ ይሰጥ። ምን እንደሚያወጡ አትዘዟቸው።